ሳውዝ ሲ፤ በአውሮፕላን ማረፊያና በቀይ መስቀል መካከል ያለ ሰፈር

ከናይሮቢ መካከለኛ ከተማ ተነሥቶ በሞምባሳ መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ በስተ ቀኙ ሳውዝ ሲ የሚባለውን ሰፈር ያገኛል። ይህ ሰፈር በሦስት ነገሮች መካከል ያለ ነው። በምሥራቁ በኩል ቀንም ሌሊትም የጭነት መኪና የማይለየው የሞምባሳ መንገድ አለ፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ በምሰሶዎች የተሸከመ ሁለተኛ ፈጣን መንገድ ተሠርቶለታል። በምዕራቡ በኩል ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት የዊልሰን ሜዳ ይገኛል። በደቡቡ በኩል በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ስላለ፣ ሰው ከአንበሳና ከቀጭኔ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ያለዚህ ቃል የተጻፈው ዓመት የአውሮፓውያን ነው።)

የሰፈሩ ስም ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። በእኛ አገር ሰፈር የሚጠራው በሰፈረበት መኳንንት፣ ወይም በታቦቱ፣ አለዚያም በወንዙና በሜዳው ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቀበና ሲባል ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። «ሳውዝ» ግን ደቡብ ማለት ብቻ ነው፤ «ሲ» ደግሞ የላቲን ፊደል ናት። የሰሜን ጎረቤቱም ሳውዝ ቢ ይባላል። ስሙ የቀያሽ ስም ነው፤ ታሪኩን ያመጡት በኋላ የሰፈሩበት ሰዎች ናቸው።

ሰዎቹም ብዙ ዓይነት ናቸው። ከባሕር ዳርቻ የመጡ ስዋሂሊዎች፣ ከሰሜን ምሥራቅ የመጡ ሶማሌዎች፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚኖሩ ሕንዶች፣ እንዲሁም ከልዩ ልዩ የኬንያ አውራጃዎች የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዓርብ ቀን የመስጊዱ መንገድ በነጭ ልብስ ይሞላል፤ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማል። በሙሆሆ ጎዳና በሚገኙት ሱቆች ፊት ማምሻውን ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ የበቆሎ እሸት በከሰል ላይ ይገላበጣል፤ ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎችም ሰው እየጠሩ ይቆማሉ። መሬቱ የእኛ ገበሬ መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ጫማ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ የሳውዝ ሲ ሰው በዝናብ ወራት ከቤቱ ሲወጣ አስቀድሞ ሰማዩን፣ ቀጥሎም መሬቱን ይመለከታል።

ሰማዩን ለማየት ሌላም ምክንያት አለው፤ የዊልሰን አውሮፕላኖች ከጣራ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ።

የዊልሰን ሜዳና የበረዶዋ ሴት

ይህ ሜዳ ስሙን ያገኘው ከአንዲት ሴት ነው። ወይዘሮ ፍሎሬንስ ኬር ዊልሰን ባላቸው ከሞቱ በኋላ በ1929 በናይሮቢ የአውሮፕላን ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን የወንድ ሥራ፣ ያውም የደፋር ወንድ ሥራ ተብሎ ይቈጠር ነበር። ሆኖም ከናይሮቢ ወደ ልዩ ልዩ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሰውና ደብዳቤ ያመላለሰው የእኒህ ሴት ኩባንያ ነው። ሜዳው በ1962 በስማቸው ተሰየመ።

ወይዘሮ ዊልሰን ኩባንያቸውን ባቋቋሙ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ኦድሪ ሴይል ባርከር የምትባል እንግሊዛዊት ከጓደኛዋ ከጆአን ፔጅ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ከእንግሊዝ ተነሥታ እስከ ደቡብ አፍሪካ በረረች። በ1933 መጀመሪያ ሲመለሱ አውሮፕላናቸው በኬንያ ምድረ በዳ ወድቆ ሁለቱም ቈሰሉ። ወረቀት እንጂ ቀለም አልነበራቸውምና የድረሱልን መልእክት በከንፈር ቀለም ጻፉ፤ መልእክቱንም የማሳይ ሰዎች ተሸክመው ወደ ናይሮቢ አደረሱት፤ እርዳታም ደረሰላቸው።

ይህች ኦድሪ በአገርዋ የታወቀችው ከአውሮፕላን በፊት በስኪ ነበር። ስኪ ማለት ረጃጅምና ቀጫጭን መንሸራተቻዎችን ከእግር ጋር አሥሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው። በእንግሊዝ የሴቶችን የስኪ ውድድር ካቋቋሙት መካከል እርስዋ አንደኛዋ ነበረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ አውሮፕላን የማብረር ሙያዋ ለአገርዋ ጠቀመ፤ አዲስ የተሠሩ የጦር አውሮፕላኖችን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሠፈር ከሚያደርሱት ሴቶች ጋር አገለገለች። በጨዋታ የተለማመደው ድፍረት በጭንቅ ቀን ሥራ ሆነ ማለት ነው።

በናይሮቢ ተቀምጦ ስለ በረዶ ማውራት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሰማዩ በጠራ ማለዳ ከናይሮቢ ከፍታዎች ላይ በሰሜን በኩል 5,199 ሜትር የሚሆነው የኬንያ ተራራ፣ በደቡብም በኩል 5,895 ሜትር የሚሆነው ኪሊማንጃሮ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ለኬንያም ለኢትዮጵያም ልጆች በረዶ ከሩቅ የሚታይ ነገር ሆኖ ብዙ ዘመን ቈየ። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ1998 በጃፓን በናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ተወዳደረ። ኢትዮጵያዊው ሮቤል ተክለ ማርያም በ2006 በኢጣልያ በቶሪኖ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በበረዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። በ2018 ደግሞ በኬንያ ተወልዳ በኦስትሪያ ያደገችው ሳብሪና ሲማደር በክረምት ኦሎምፒክ የኬንያ የመጀመሪያዋ ሴት ተወዳዳሪ ሆነች።

በአንድ ወር የሆኑ ሁለት ነገሮች

ሴቶች በቁልቁለት ስኪ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት በጀርመን አገር በጋርሚሽ ፓርተንኪርኸን በ1936 ነው። ውድድሩ ጥር 29 እና 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለቱን ከሁሉ ፈጥና የወረደችው ገና 17 ዓመት ያልሞላት የኖርዌይ ልጅ ላይላ ሹ ኒልሰን ነበረች። የእርስዋ ዋና ሙያ በጫማ በበረዶ ላይ መሮጥ ሲሆን፣ ሴቶች በዚያ ዓይነት ውድድር በኦሎምፒክ ገና ስላልተፈቀደላቸው ወደ ስኪ ገባች። በሁለተኛው ቀን ጀርመናዊቷ ክሪስትል ክራንትስ አሸነፈችና የሁለቱ ቀን ድምር ወርቁን ለእርስዋ ሰጣት፤ ላይላ ነሐስ አገኘች።

ይህ ውድድር ካለቀ ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ የካቲት 2 ቀን፣ በእንደርታ የአምባ አራዶም ጦርነት ተጀመረ። በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ የዓለም ወጣቶች በበረዶ ላይ ሲጫወቱ የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ይወርድበት ነበር። የኢጣልያም ስፖርተኞች ከዚያው ከበረዶው ጨዋታ ላይ ነበሩ።

ላይላ የተወለደችው በ1919 ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ተወለዱ። የሁለቱ ልጃገረዶች ዕድሜ አንድ ሆኖ፣ አንዷን ዘመኑ ወደ በረዶ ሜዳ፣ ሌላይቱን ወደ ቁስለኛ አልጋ ወሰዳቸው። ልዕልቲቱ በጦርነቱ ጊዜ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋር ሆነው፣ ለቁስለኞች ፋሻና ልብስ በሚያዘጋጁት ሴቶች መካከል ሠርተዋል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበርና፣ ጦርነቱ ሲጀመር የሦስት ወር ልጅ ነበረ። ሐኪም ጥቂት፣ መድኃኒት ጥቂት፣ የሠለጠነ አስታማሚም እጅግ ጥቂት ነበር። ከውጭ አገር የመጡት የሕክምና ጓዶች ብዙ ረዱ፤ ነገር ግን ቀይ መስቀሉ እንኳ ከቦምብ አላዳናቸውም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ሕክምና ጓድ ተደበደበ። በዚያን ጊዜ ርኅራኄ በአገሪቱ ሞልቶ ነበር፤ የጐደለው ርኅራኄን ወደ ሕክምና የሚለውጠው ትምህርት ነበር።

ልዕልቲቱ በለንደን ሐኪም ቤት

ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሄዱ፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጡ። (ይህን ቤት ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ለከተማው አረጋውያን ሰጥተውታል።) ስደተኛ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሐዘኑን ይዞ በቤት ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን በለንደን ወደሚገኘው ታላቁ የሕፃናት ሐኪም ቤት፣ ወደ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ገብተው የነርስነት ትምህርት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ኑሮ ቀላል አልነበረም። ማለዳ ተነሥቶ አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል ማጽዳት፣ የሕመምተኛ ገላ ማጠብ፣ ዕቃ መቀቀል፣ የሌሊት ተራ መጠበቅ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ የአለቃን ቃል ሳያጉረመርሙ መፈጸም ይጠየቅ ነበር። በቤተ መንግሥት ሌሎች ሲያገለግሏቸው ያደጉት ልጅ፣ በባዕድ አገር የሰው ልጆችን አገለገሉ። ትምህርታቸውንም እስከ መጨረሻው አድርሰው በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ።

ከዚህ በኋላ አጠቃላይ የነርስነት ትምህርት ለመጨመር ጋይስ ወደሚባለው ሐኪም ቤት ገቡ። ጥቂት ሳይቈይ ጦርነት ተከተላቸው። በ1940 መጨረሻና በ1941 መጀመሪያ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት ሲደበድቡ፣ ልዕልት ፀሐይ ከቁስለኞች ዘንድ ነበሩ። በአገራቸው በ1928 ዓ.ም. ያዩትን የአየር ድብደባ በለንደን ደግመው አዩት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ በአዲስ አበባ ፋሻ አዘጋጅ ነበሩ፤ በለንደን ቁስሉን የሚያጥቡና የሚያሽጉ የሠለጠኑ ነርስ ሆነዋል።

ናይሮቢ በዚያ ጦርነት

በእነዚያ ዓመታት ኬንያም ከኢትዮጵያ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። ከወራሪው ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ በተሠሩ የስደተኞች ሠፈሮች ተቀመጡ። በ1941 ደግሞ የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም አርበኞቻቸውን አስከትለው ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ።

ለዚህ ታሪክ ምስክር የሚሆን ስም ዛሬም በናይሮቢ አለ። ከሳውዝ ሲ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ወደ ከተማው ሲገባ የኃይለ ሥላሴን ጎዳና ያገኛል። በዚህ ጎዳና ጫፍ፣ ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ኤምባሲ በፈንጂ ፈርሶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቈስለዋል። ስፍራው ዛሬ የመታሰቢያ አጸድ ነው። በዚያ ቀን ከተማው ፍርስራሽ የሚያነሣ፣ ቁስለኛ የሚሸከም፣ ደም የሚሰጥ ሰው ፈለገ፤ አገኘም። እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው ግን አስቀድሞ የተሰናዳ ቤት ሲኖር ነው። ከናይሮቢ እንዲህ ካሉት ቤቶች አንዱ በሳውዝ ሲ ነው።

በፖፖ መንገድ አጠገብ

በሳውዝ ሲ ውስጥ ፖፖ የሚባል መንገድ አለ። ፖፖ በስዋሂሊ ቋንቋ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የአገሪቱን የደረጃዎች መሥሪያ ቤትና የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣንን የመሳሰሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኛሉ፤ ከመንገዱ ገባ ብሎ የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና ግቢ ይታያል። የማኅበሩ መሠረት የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሆኖ በ1939 የተጣለ ሲሆን፣ በነጻይቱ ኬንያ ሕግ ራሱን የቻለው ታኅሣሥ 1965 ነው። ልዕልት ፀሐይ በለንደን የነርስነት ማዕረጋቸውን ያገኙበትና የዚህ ማኅበር መነሻ የተጣለበት ዓመት አንድ ነው።

በግቢው አቅራቢያ ቦማ የሚባል ትልቅ ሆቴል አለ። እንግዳ ሰው «ቀይ መስቀልን ከሆቴል ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የብልህ ቤተሰብ መልስ ነው። ሆቴሉ የማኅበሩ ሲሆን፣ የተሠራውም ትርፉ ለበጎ አድራጎቱ ሥራ እንዲረዳ ነው። የሰው ምጽዋት በድርቅ ዓመት ይበዛል፣ በደኅና ዓመት ይቀንሳል፤ መከራ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ማኅበሩ ከእጁ ሥራ የሚያገኘው ገቢ እንዲኖረው አስቦ ሠራ። አምቡላንሶችንም ያሰማራል፤ የቸገረው ሰው 1199 ብሎ ያለ ክፍያ ስልክ ይደውላል። ከእነዚህ አምቡላንሶች አንዱ ሌሊት ሲነሣ በውስጡ የሚቀመጠው የሠለጠነ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ የሚደርሰው ምጥ ለጠናባት ሴት ነው።

ይህን ማሰብ ወደ ልዕልት ፀሐይ መጨረሻ ይመልሰናል።

ለቀምት፣ ነሐሴ 11 ቀን

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ገቡ። የተማሩትን ለሕዝባቸው ሊሰጡ ያሰቡበት ጊዜ ነበር። አቢይ አበበን አግብተው ባላቸው በሚያስተዳድሩት በወለጋ፣ በለቀምት ተቀመጡ። ነገር ግን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው 23 ዓመት አልሞላም ነበር። የለንደንን የቦምብ ሌሊቶች አልፈው፣ የብዙ እናቶችን ልጆች አስታመው፣ በገዛ አገራቸው ብዙ እናቶችን በሚወስደው ሕመም ተወሰዱ። በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም ተቀበሩ።

ኀዘኑ ግን በልቅሶ ብቻ አልቀረም። ለኢትዮጵያ ነጻነት በጽሑፋቸው የታገሉት ወይዘሮ ሲልቪያ ፓንክረስትና ወዳጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። በዚህም እርዳታ በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1951 ሥራ ጀመረ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ወይዘሮ ሲልቪያ በ1956 ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ በ1960 በዚያው ሲሞቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሆስፒታሉ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ስም ይለወጣል፤ በአልጋዎቹ መካከል የምትመላለሰው ነርስ ግን ሥራዋ አንድ ነው።

ለቤተሰብ የሚቀር ምክር

እንግዲህ በሳውዝ ሲ የሚኖር ወይም በዚያ የሚያልፍ ሰው፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ በበረዶ ላይ ልበ ሙሉነትን ተምረው በጦርነት ቀን ለአገራቸው የተጠቀሙበትን ሴቶች ያስባል። የቀይ መስቀሉን ግቢ ሲያይ ደግሞ ማዕረጋቸውን ወደ ጎን ትተው ወለል ያጸዱትን ልዕልት ያስባል። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ በጭንቅ ቀን የሚያገለግለው በደኅና ቀን የተማሩት ሙያ ብቻ ነው። ጦርነት ነርስን አይፈጥርም፤ የተሰናዳችውን ነርስ ያገኛታል፣ ወይም አያገኛትም።

በአማርኛ ነርስን «ሲስተር» ብለን እንጠራለን፤ እኅት ማለት ነው። ቃሉ ከውጭ የመጣ ቢሆንም አጠራሩ ከእኛ ልማድ ጋር ይስማማል፤ የታመመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው የእኅት እጅ ነውና። ሴት ልጅ ያለው አባትና እናት፣ ልጃቸው «ነርስ ልሁን፣ አዋላጅ ልሁን» ስትል ሥራውን ዝቅ አድርገው እንዳያዩት ይገባል። የንጉሥ ልጅ ፈልጋ የተማረችው ሙያ ነው። ልጅቱም ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ በወለጋም ሆነ በወሎ፣ በዚያ ሌሊት ምጥ የያዛት አንዲት እናት በሕይወት ለማደርዋ ምክንያት ትሆናለች።